በሚና ጨዋታ የገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ደንብ፦ ለመምህራን የቀረበ ማብራሪያ

1. መግቢያ

በደሴ ከተማ በፒያሳ አካባቢ ልጆች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የአንደኛው ተጫዋች ቆርኪዎች አፋቸው ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ይደረግና ጨዋታው ይጀመራል። ከዚህ በቀር በቆርኪና በቆርኪ መካከል ልዩነት የለም። በገበጣም ጠጠሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ዋጋ የሚሰጣቸው ያሉበት ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሰንጠረዥ ከእነዚህ ይለያል። ንጉሡ፣ ፈረሱና እግረኛው እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካሄድ አላቸው። በአገራችን ጥንታዊ የሰንጠረዥ አጨዋወት ደግሞ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቃዳቸው ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተጫዋቹ ከውጊያው በፊት ኃይሉን በራሱ አሳብ የሚያደራጅበት ጊዜ በመሆኑ፣ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ነው።

የእንቆቅልሽ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ተጠያቂው መልሱን ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገሩም ከተሰጠ በኋላ ጠያቂው በአሳቡ እዚያ ደርሶ ያየውንና ያገኘውን ያወራል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ከተቀመጠበት ምድጃ ሳይነሣ ይገዛል ማለት ነው።

የሚና ጨዋታ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን፣ ማለትም የሰንጠረዥን ደንብና የእንቆቅልሽን ምናብ፣ አንድ ላይ የሚያጣምር ነው። ጥቂት ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይናገርለታል፣ ይወስንለታል። የጨዋታው መሪ የሚገጥማቸውን ሁኔታ ይተርካል። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ዳይስ የሚባለው ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር ይጣላል። ታዲያ ገጸ ባሕርዩ በምን ዓይነት ደንብ ይቀረጽ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ለመምህራን በሚጠቅም መልክ ማብራራት ነው።

2. በዕጣ መቅረጽና በምርጫ መቅረጽ

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያው የታተመ ደንብ፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። በዚህ ደንብ የገጸ ባሕርዩ ስድስት ችሎታዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ዳይስ ተጥሎ በሚገኘው ድምር ይወሰናሉ። ሦስት ዳይስ በ216 መንገድ ሊወድቅ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ 18 የሚያስገኘው አንድ መንገድ ብቻ ሲሆን፣ 3 የሚያስገኘውም እንዲሁ አንድ ብቻ ነው። 10 እና 11 ግን እያንዳንዳቸው በ27 መንገድ ይገኛሉ፤ በመሆኑም ከአራት አንዱ ዕጣ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ለሒሳብ መምህር ይህ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ዕጣ የወጣበት ተማሪ ያልመረጠውን ይሸከማል። አንዱ ኃያል፣ ሌላው ደካማ ሆኖ ጨዋታውን ይጀምራል። ይህን ለማስቀረት በኋላ የመጡ ደንቦች ነጥብ የማከፋፈልን ዘዴ አመጡ። ለምሳሌ ስቲቭ ጃክሰን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ገርፕስ» ተጫዋቹ የተመደበለትን ነጥብ እንደ ገንዘብ ቆጥሮ ችሎታዎችን ይገዛል። በዚህ ዘዴ ሁሉም በእኩል ስንቅ ይነሣሉ፤ መንገዳቸውን ግን ራሳቸው ይመርጣሉ።

3. ለክፍል የሚሆን አንድ ምሳሌ

ጨዋታው ከፒያሳ ተነሥቶ ሐረጎን በማቋረጥ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ የጥንት ሲራራ ላይ የተመሠረተ ይሁን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆናቸው፣ መንገዱ ቁልቁለትና ጭጋግ የበዛበት ነው። በቦርከና ወንዝ ዳር ዘንዶ እንዳለ በምናብ ይጨመርበት። ደንቡ የሚከተለው ነው።

ሀ) እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አራት ችሎታዎች አሉት፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ዕውቀትና አንደበት። ሁሉም ከ1 ይጀምራሉ፤ ከ5 አይበልጡም።

ለ) ለተማሪው 8 ነጥብ ይሰጠዋል። አንድን ችሎታ እስከ 3 ለማሳደግ ለእያንዳንዱ ደረጃ 1 ነጥብ፣ ወደ 4 እና ወደ 5 ለማሳደግ ግን ለእያንዳንዱ ደረጃ 2 ነጥብ ይከፈላል።

ሐ) ፈተና ሲገጥም አንድ ዳይስ ይጣላል። የወጣው ቁጥር ከችሎታው ጋር ተደምሮ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድርጊቱ ተሳክቷል።

በዚህ መሠረት ችሎታው 1 የሆነ ሰው ከስድስት አንድ፣ 3 የሆነ ከስድስት ሦስት፣ 5 የሆነ ከስድስት አምስት ጊዜ የመሳካት ዕድል አለው። በሁሉም መካከለኛ መሆን የፈለገ ተማሪ አራቱንም ችሎታዎች 3 ያደርጋል፤ ድምሩም 12 ይሆናል። ብርቱ ጫኝ መሆን የፈለገ ግን ጉልበቱን 5፣ ቅልጥፍናውን 3 አድርጎ ሌሎቹን በ1 ይተዋል፤ ድምሩ 10 ብቻ ነው። ወጌሻ መሆን የፈለገች ዕውቀትን 4፣ አንደበትን 3፣ የቀሩትን 2 ብታደርግ ድምሩ 11 ይሆናል። የጎደለው ነጥብ የላቀ ችሎታ ዋጋ ነው።

ይህ ዋጋ ባይኖር ተማሪው ሁለት ችሎታዎችን 5 አድርሶ ያለ ምንም ኪሳራ በተሻለ ነበር። ዋጋው ስላለ ግን ማሰብ ይገደዳል። ከዚህም በላይ፣ አራት መካከለኞች አብረው ቢጓዙ በየፈተናው ግማሹን ጊዜ ይወድቃሉ፤ በየተለያየ ችሎታ የላቁ አራት ሰዎች ግን ተራ በተራ ቢተጋገዙ በሁሉም ከስድስት አምስት ጊዜ ያልፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል ተማሪው በስብከት ሳይሆን በቁጥር ያየዋል።

4. ትውልድ ወይስ ሙያ?

በደንብ አውጪው ፊት ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ይህ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» መጽሐፍ፣ ከድንኮች ዘር የተወለደ ገጸ ባሕርይ በጥንካሬ 1 ይጨመርለት፣ በተወዳጅነት 1 ይቀነስበት ነበር። ሰውየው ገና ሳይናገር የማይወደድ መሆኑ በመወለዱ ተወሰነ ማለት ነው። ይህ አሠራር ብዙ ተተችቶ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፍ የችሎታ ጭማሪው ከዘር ተነሥቶ ገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ከኖረበት ሙያና ሕይወት ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በትውልዳቸው እየተናቁ፣ በስድብ ስም እየተጠሩ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስለሆነም መምህሩ «የቀጥቃጭ ልጅ» ለሚባል ገጸ ባሕርይ ከትውልዱ የመጣ ነጥብ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ አዋጁ የከለከለውን በጨዋታ ስም መልሶ ያስተምራል። በክፍሉ ውስጥ አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ ልጅ ሊኖር እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

በመሆኑም ደንቡ እንዲህ ይሁን፤ ሙያ ይመረጣል እንጂ አይወረስም። ማንኛውም ተማሪ አንድ ሙያ ይመርጣል፤ ሙያውም አንድ ልዩ ዕውቀት ይሰጠዋል። አንጥረኛው የተሰበረ መሣሪያ ይጠግናል፤ አዝማሪው የተቆጣን ሰው ያበርዳል፤ ነጋዴው የገበያን ነገር ያውቃል። የችሎታ ነጥቡ ግን ለሁሉም ያው 8 ነው።

5. ስለ ጉድለት

አንዳንድ ደንቦች ጉድለት ለሚመርጥ ተጫዋች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። ብልጥ ተማሪ ጨዋታው ውስጥ ፈጽሞ የማይገጥመውን ጉድለት መርጦ ነጥቡን በነፃ ይወስዳል፤ ዋና ፈርቻለሁ ብሎ ወንዝ በሌለበት ይጓዛል። መፍትሔው ነጥቡን አስቀድሞ አለመስጠት ነው። ጉድለቱ በጨዋታው ውስጥ በእርግጥ ሲጎዳው፣ በዚያ ሰዓት አንድ ጊዜ ዳይስ ደግሞ የመጣል መብት ይሰጠው።

ጉድለት የሚባለውም ጠባይ እንጂ አካል ወይም በሽታ መሆን የለበትም። ችኩልነት፣ ስስት፣ ጉራ፣ ጨለማን መፍራት ይበቃሉ። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነበር፤ ሕሙማኑ ከበሽታው ይልቅ የሰው መጠየፍ ምን ያህል እንደጎዳቸው የአካባቢው ሰው ያውቃል። ያንን በነጥብ መሸጥና መግዛት ለክፍል አይስማማም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተዘረዘረው፣ ጥሩ የአቀራረጽ ደንብ ሦስት ነገሮችን ያሟላል። ምርጫው ሁሉ ዋጋ አለው፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ያለ ሌላው አይበቃም፤ ማንም በትውልዱ ከፍ ወይም ዝቅ አይልም። መምህሩ ደንቡን በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲፈትኑትና ጉድለት ሲያገኙበት ምክንያቱን አስረድተው እንዲያሻሽሉት ቢያደርግ፣ ከጨዋታው የሚገኘው ትምህርት እጥፍ ይሆናል።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ ይጠራል። ለክፍላችን ጠረጴዛም ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።