ተደጋጋሚ የሰዋስው ስሕተቶች በሕፃናት የእንግሊዝኛ ትምህርት፦ ምንጫቸውና የእርማታቸው ዘዴ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛና በከፍተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ከዚህም የተነሣ በታችኛው ክፍል እንግሊዝኛ ለመናገር ድፍረት ያጣ ሕፃን ኋላ የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ሒሳቡንም ሳይንሱንም በሚማርበት ቋንቋ ነው። ስለሆነም የእርማት ዘዴ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስሕተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሥነ ልሳን ሊቁ ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በድካም ወይም በችኮላ የሚመጣውን መሰናከል፣ ተማሪው በአእምሮው ከያዘው ሕግ ከሚመነጨው ስሕተት ለይቶ አሳይቷል። ፊተኛውን ተማሪው ራሱ ሊያርመው ይችላል፤ ኋለኛው ግን ተማሪው የደረሰበትን የእውቀት ደረጃ ስለሚያመለክት ለመምህሩ ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

የስሕተቱ አንደኛው ምንጭ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ነው። በለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን «ስሪ ቡክ» ቢል፣ በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ» ማለት ትክክል ስለሆነ ነው፤ ቁጥሩ ብዛትን ከገለጸ ስሙ የብዙ ምልክት ባይጨመርበትም ይቻላል። በአፋን ኦሮሞም ልማዱ ተመሳሳይ ነው። «ዌር ሂ ዌንት?» ብሎ የሚጠይቀውም «የት ሄደ?» ለማለት አማርኛ ረዳት ግሥ ስለማይፈልግ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የእንግሊዝኛው የራሱ ጠባይ ነው። በአማርኛ ግሡ «እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል» እያለ ለሁሉም ይለዋወጣል። በእንግሊዝኛ ግን በአሁን ጊዜ «ጎ» ለአብዛኛው ባለቤት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለሦስተኛ ነጠላ መደብ ብቻ «ጎዝ» ይሆናል። «ሂ» የሚለው ቃል ባለቤቱን አስቀድሞ ስለገለጸ፣ ያቺ «ዝ» ብትቀር መልእክቱ አይጎድልም፤ የምትዘገየውም በከፊል ስለዚህ ነው። ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱባቸውን 3 ሕፃናት አስተዳደግ ሲያስረዳ፣ እነርሱም ቢሆኑ «ጎኢንግ» በመሰለው ቃል ላይ ያለችውን «ኢንግ» ቀድመው፣ ይህችን ምልክት ግን ዘግይተው እንደያዙ አመልክቷል። ስለዚህ የ2ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ቢሳሳት ስንፍና ተብሎ ሊቆጠርበት አይገባም።

ታዲያ እንዴት ይታረም? መምህሩ ዘወትር የሚያደርገው ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ መናገር ነው። ሮይ ሊስተርና ላይላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳ በፈረንሳይኛ በሚማሩ ልጆች ክፍሎች ከተሰጠው እርማት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይህን የመሰለ ነበር፤ ሆኖም ተማሪው ስሕተቱን ራሱ እንዲያርም በማድረግ በኩል ውጤቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሕፃኑ መምህሩ በሐሳቡ የተስማማ እንጂ ያረመው አይመስለውምና። ተማሪውን የሚያነሣሣ ጥያቄ ግን የተሻለ ፍሬ ሰጥቷል።

በተግባርም፣ ሕፃኑ «ማይ ብራዘር ሊቭ ኢን ለቡ» ቢል፣ መምህሩ ሐሳቡን እስኪጨርስ ይጠብቀው፤ ከዚያም «ማይ ብራዘር...» ብሎ ቆም በማለት ቀሪውን እንዲሞላ ይጋብዘው። ካልቻለ «ሊቭ ወይስ ሊቭዝ?» ብሎ ያስመርጠው። ይህም ካልሆነ መልሱን ነግሮት ክፍሉ በሙሉ በአንድነት ይድገም። ተማሪ በበዛበት ክፍል ደግሞ የጋራ የሆነውን ስሕተት ያለ ስም በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ሁሉም እንዲያርሙት ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል፤ ማንንም አያሳፍርም። በደብተር እርማትም በአንድ ሰሞን አንድ ሕግ ብቻ መርጦ መከታተል፣ ገጹን በቀይ ቀለም ከመሙላት ይበልጣል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም አንድን ሕግ በአንድ ምዕራፍ አስተምሮ መዝጋት በቂ እንዳልሆነ ሊገነዘቡ ይገባል። ዘግይቶ የሚያዝ ቅርፅ በተከታታይ ክፍሎች እየተመላለሰ ይቅረብ፤ የመምህሩ መምሪያም መልመጃውን ብቻ ሳይሆን የሚጠበቀውን ስሕተትና ምክንያቱን ይግለጽ። የስሕተቱን ምክንያት የሚያውቅ መምህር ለመቆጣት አይቸኩልም፤ ያልተቆጡት ሕፃንም ደግሞ ይሞክራል።