ሥዕሉ የሚያሳየውና ማይክሮስኮፑ የሚያረጋግጠው

የብዙ የሰውነት ክፍሎችን ሕመም ለማወቅ ደምን ወይም ሽንትን መመርመር ይረዳል። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ በሕይወት ካለ ሰው ቆርጦ መመርመርም ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለሆነም አንዳንድ አረጋውያን የትናንቱን የሚዘነጉበት፣ በኋላም ልጆቻቸውን መለየት የሚሳናቸው ምክንያት በርግጠኝነት ይታወቅ የነበረው ከሞቱ በኋላ ብቻ ነበር።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትዮዋ የገዛ ስሟን መጻፍ ተስኗት ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏ እርሱ ወደሚሠራበት ወደ ሙኒክ ተላከ። አልዛይመርም ስስ አድርጎ የቈረጠውን ኅብረ ሕዋስ በብር ጨው አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው፣ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተጠራቀመ ዝቃጭና በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ክር የተተበተበ ቋጠሮ አገኘ። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንጎልን ሳይከፍቱ የሚያነሡ መሣሪያዎች ተሠሩ። ከእነዚህም አንዱ በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤም አር አይ ነው፤ ለትውስታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል መሟሸሹን ያሳያል። ይሁን እንጂ ግድግዳው መዝመሙን ያየ ሰው ምስጥ ይብላው ጎርፍ ይሸርሽረው በዚያ ብቻ አያውቅም። ፔት የተባለው መሣሪያ ወደ ምክንያቱ ይበልጥ ይጠጋል። ጥቂት ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና አሚሎይድ ከተባለው የፕሮቲን ዝቃጭ ጋር ይጣበቃል፤ መሣሪያውም ጨረሩ ከየት እንደ መጣ ይመዘግባል።

ታዲያ በሥዕሉ ላይ የደመቀው ቦታ በእውነት ዝቃጭ ያለበት ለመሆኑ ምስክሩ ማነው? ምስክሩ ያው የጥንቱ ማይክሮስኮፕ ነው። ፍሎርቤታፒር የተባለው ንጥረ ነገር ሲፈተን፣ የሕይወታቸው ፍጻሜ የተቃረበ ሰዎች ተነሡ፤ ሲሞቱም አንጎላቸው ተመረመረ። ከጥናቱ ለራሳቸው ፈውስ አላገኙም፤ ያለ እነርሱ ግን ሥዕሉን የሚያምን ሐኪም ባልኖረ ነበር። በ2012 የታተመው ውጤት 59 ሰዎችን ይመለከታል። ማይክሮስኮፑ ብዙ ዝቃጭ ካገኘባቸው 39 ሰዎች ውስጥ ሥዕሉ 36ቱን ለይቷል፤ ዝቃጭ ከሌለባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከተገኘባቸው ከ20ዎቹ ግን አንዱንም በሐሰት አልወነጀለም። ሦስቱ ያመለጡት የሚያስደንቅ አይደለም፤ አንዱ ዝቃጭ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ሲሆን የፔት ዐይን ግን ከጥቂት ሚሊሜትር በታች ያለውን ለይቶ አያይም።

ከዚህ የሚከብደው ችግር ሌላ ነው። ትውስታቸው ሳይጓደል የሞቱ የብዙ አረጋውያን አንጎል ሲመረመር ያው ዝቃጭ ተገኝቶበታል። እንግዲህ ሥዕሉ እውነት ተናግሮ ሐኪሙ ግን ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ከትውስታ መጥፋት ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ቋጠሮው ሆኖ ተገኝቷል። ቋጠሮውን የሚያሳየው ንጥረ ነገር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2020 ሲሆን፣ እርሱም የተፈተነው ከሟቾች ኅብረ ሕዋስ ጋር እየተመሳከረ ነበር።