መሸሸጊያ ያጣች ጌኮ

በሚያዝያና በግንቦት ቀትር በወድ ኤል ሒለው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ሰቲት በሚባልበት አካባቢ ያለችው ይህች ከተማ በዚያ ሰዓት ጭር ትላለች። ሰው ራኩባ በሚባለው ዳስ ሥር ይጋደማል፣ ፍየል ግድግዳ ትጠጋለች። ማታ ማታ አምፖል ሥር ተለጥፋ ትንኝና የእሳት ራት የምትለቅመው ጌኮ የተባለችው እንሽላሊትም ቀትር ላይ አትታይም። ከጣሪያው ሣር ውስጥ፣ ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከዛፍ ቅርፊት ሥር ገብታለች። ያን ሁሉ ሐሩር የምታልፈው በዚህ ነው። ጌኮ ፀሐይን የምትችለው ከፀሐይ የምትሸሽበት ቦታ ሲኖራት ብቻ ነው።

ይህንን የማነሳው በሌላ አገር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለሚያድጉት ጌኮዎች ስል ነው። ወድ ኤል ሒለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኤርትራ ስደተኞች የሰፈሩባት ቦታ ናት። በዚሁ የስደት መስመር፣ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍና በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ በኩል ያለፈ ብዙ ኢትዮጵያዊም ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ልጆች አሳድጓል። ከልጆቹ መካከል ጌኮ የሚያረቡ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ የመጣችውን ነብርማ ጌኮ። ክረምቱ አልፎ ሙቀት ሲመጣ ልጁ ሣጥኑን አቅፎ ደጅ ይወጣል። እናትም አትከለክለውም፤ እሱንም አራስ ሳለ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስታሞቀው ነበርና።

የእናት ሐሳብ መሠረት አለው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ አጥንት ካልሲየም አያገኝም። ቤት ውስጥ የሚያድጉ እንሽላሊቶች መንጋጋቸው እንደ ላስቲክ የሚለሰልሰው፣ እግራቸው የሚጎብጠው በዚህ እጦት ነው። ችግሩ ያለው ሣጥኑ ላይ ነው። ተራ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም፤ ሙቀቱን ግን ያስገባና ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ጌኮዋ በመስታወት ሣጥን ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ጥቅሙ ውጭ ይቀራል፣ ጉዳቱ ይገባል።

የጉዳቱን ፍጥነት ብዙ ሰው አይገምተውም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ጨምሯል፤ ከዚህም 80 በመቶው የጨመረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ደጁ ደስ የሚል 25 ዲግሪ ቢሆን እንኳ መኪናው ውስጥ ወደ 47 ይጠጋል ማለት ነው። የመስታወት ሣጥን ደግሞ ከመኪና እጅግ ያነሰ አየር ነው የሚይዘው። ነብርማ ጌኮ በሣጥኗ ሞቃት ጥግ የምትፈልገው ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ነው፤ ሰውነቷ 40ን ተሻግሮ ከቆየ ሞት ቅርብ ነው። ላብ የላትም። አፏን ከፍታ ከማለክለክ በቀር ሙቀት የምታስወጣበት መንገድ እምብዛም የላትም፣ እሱም ቢሆን ያላትን ጥቂት ውኃ ይጨርስባታል።

በገዳሪፍ ሜዳ ያለች ጌኮ በዚያ ሁሉ ሙቀት ለምን አትሞትም? እንሽላሊት የሰውነቷን ሙቀት ከውስጥ አታመነጭም፤ ቦታ በመቀያየር ትመጥነዋለች። የሰሊጥና የማሽላ አገር የሆነው ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ላዩ እግር ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል። ጌኮ ግድግዳ ውስጥም ሆነ መሬት ሥር ስትሆን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ትንሽ ወደ ውጭ እያለች የሚስማማትን ትመርጣለች። በሰው መዳፍ ላይ ያለች ወይም በጠራ መስታወት የታጠረች ጌኮ ምርጫ የላትም። በገዛ አገሯ በበረሃማ ኮረብታ የምትኖር ነብርማ ጌኮም ብትሆን ቀኑን ድንጋይ ሥር አሳልፋ ሲመሽ ነው የምትወጣው። ስለዚህ «የበረሃ እንስሳ ናት፣ ፀሐይ አይጎዳትም» የሚለው አባባል እስከ ሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው።

ብርዱም ቀላል አይደለም። የሚያዝያ ፀሐይ በሰሜን አሜሪካ ታታልላለች፤ ደመና ሲሸፍናት አየሩ ወዲያው ይወርዳል። ሰውነቷ የቀዘቀዘ ጌኮ የበላችውን መፍጨት ያቅታታል፣ ከድመትና ከወፍ መሸሽም አትችልም።

ደጅ ላይ ከሚደርሰው ሁሉ ልጅን ይበልጥ የሚያስደነግጠው የጭራዋ መቆረጥ ነው። የወፍ ጥላ ያልፋል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጌኮዋ ትፈተለካለች፤ ልጁ በድንጋጤ ጭራዋን ይይዛል፣ ጭራው እጁ ላይ ይቀራል። መሬት ወድቆም አይተኛም፤ ይወራጫል፣ ይገለበጣል፣ ድንገት እመር ይላል። ቲሞቲ ሂገምና አንቶኒ ራስል የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የነብርማ ጌኮን የተቆረጠ ጭራ አጥንተው እንቅስቃሴው እስከ ግማሽ ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። አንጎል የለም፤ የሚያዘው ጭራው ውስጥ የቀረው የነርቭ ክር ነው። የጭራው አከርካሪ አስቀድሞ የሚላቀቅበት መስመር አለው፣ ጡንቻዎቹም የደም ሥሩን ጨምቀው ይዘጋሉ። ደሙ ጥቂት ነው፤ የምታጣው ግን ብዙ ነው፤ የክፉ ቀን ስንቋ፣ ስቧ ያለው እዚያ ነውና። ሌላ ጭራ ይበቅልላታል፤ ውስጡ ግን ከአጥንት ይልቅ ልም አጥንት ይሆናል። ክሬስትድ ጌኮ የምትባለው የኒው ካሌዶንያ ዝርያ ደግሞ አንዴ ከጣለችው እስከ ዕድሜ ልኳ ጭራ የላትም።

ሣር ላይ የተለቀቀች ጌኮ ደግሞ ያገኘችውን ትለቅማለች። በአሜሪካ በበጋ ምሽት ሆዳቸው ብልጭ ድርግም የሚል ጥንዚዛዎች ይበራሉ። ቤት ውስጥ የሚረቡ የአውስትራሊያ እንሽላሊቶች እነዚህን በልተው መሞታቸውን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት መዝግቧል፤ አንዲቷ ጥንዚዛ እንኳ ለመግደል ትበቃለች፣ መርዙ ልብ የሚያውክ ነው። ፀረ ተባይም አለ። መድኃኒት የነካው ፌንጣ እየተንገዳገደ ሲሄድ ለጌኮ ቀላል ሲሳይ ነው። ይህ ሰሊጥ በሚረጭበት የገዳሪፍ እርሻም፣ ሣር በሚረጭበት የዋሽንግተን ግቢም ያው ነው።

ጌኮ የምትሸከመው በሽታ ደግሞ ሰውንም ይነካል። ጤነኛ የምትመስል ጌኮ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ተሸክማ ልትኖር ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ከክሬስትድ ጌኮ ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ በ17 ግዛቶች 22 ሰዎች ታመዋል። ፓርክ ውስጥ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጌኮዋ ከልጅ ወደ ልጅ ስትዞር ቆይታ እንጀራው ሲቀርብ፣ ውኃና ሳሙና ራቅ ያለ ከሆነ ጉርሻው አደገኛ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኳት ይሻላል።

ያመለጠችውስ? ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ያልሞቱት ሌላ ጣጣ ያመጣሉ። የሜዲትራንያን የቤት ጌኮ በፍሎሪዳ ኪ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1915 ተመዝግባ ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችን ሞልታለች። ትከሻዋ ላይ አራት ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ከሞሪታንያ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ የምትገኘው የግድግዳ ጌኮም በእንስሳት ንግድ ሄዳ ፍሎሪዳ ውስጥ መኖሪያ አበጅታለች። ከእስያ የተነሣችው የቤት ጌኮ በሕንድ ውቅያኖስ በሞሪሸስ አካባቢ ደሴቶች የአገሬውን ትንንሽ ጌኮዎች ከመሸሸጊያቸው አስወጥታ ለጥፋት ዳርጋለች። ስለዚህ «አድጋለችና ነፃ ትውጣ» ብሎ መልቀቅ ደግነት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለቫይታሚን ዲ ጨረሩ ካስፈለገ ለእንሽላሊት ተብሎ የተሠራ የአልትራቫዮሌት ቢ አምፖል በሣጥኗ ላይ መስቀል ይበቃል። ደጅ ማውጣት የግድ ከሆነ በመስታወት ፈንታ ክዳን ያለው የወንፊት ሣጥን ይሁን፤ ግማሹ ጥላ፣ ውስጡም የምትገባበት ጨለማ ጎጆ፣ ቴርሞሜትር በጌኮዋ ቁመት ልክ፣ ሰው ከአጠገቧ ሳይለይ፣ ለጥቂት ደቂቃ። አፏን ከፍታ ካለከለከች ወይም ሰውነቷ ከዛለ ወዲያው ወደ ጥላ ትግባ፤ ለብ ያለ ውኃ ባለበት ጥልቀት የሌለው ሰሃን እግሯ ብቻ እስኪነካ ተደርጋ ቀስ በቀስ ትቀዝቅዝ። በረዶና ቀዝቃዛ ውኃ አይጠጋት፤ ድንገተኛው ለውጥ ራሱ ይጎዳታል። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ሙቀት የጎዳው ኩላሊትና አንጎል ወዲያው ላይታወቅ ይችላል።