ፉርሽካው ለከብት፣ ነጩ ለእኛ

ስንዴ አስፈጭተን ዱቄቱን በወንፊት እንነፋለን። ነጩን ለቤተሰብና ለእንግዳ፣ ፉርሽካውን ለከብት እናደርጋለን። ለመሆኑ የሚጠቅመው የደረሰው ለማን ነው?

የእህል ቅርፊት አሰር የሚባል ነገር አለው። አሰር ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ሥራው ግን ትልቅ ነው።

የበላነው እህል በሆዳችን ወደ ስኳር ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። እርከን ጎርፍን እንደሚያበርድ ሁሉ፣ አሰርም ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። የነጭ ዱቄት ዳቦ ግን እርከን እንደሌለው ማሳ ነው። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባለው ቅመም ነው። የሚያመነጨውም ቆሽት ነው። ቆሽት ዓመት እስከ ዓመት ሥራ ከበዛበት ሊደክም ይችላል። ያን ጊዜ የስኳር በሽታ ይመጣል። በሽታው ዓይን ያሳውራል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ የእግር ቁስልም አልድን ብሎ እስከ መቆረጥ ያደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ መክሯል። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ይህን ያህል አሰር አለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስንዴውንና ገብሱን ከነፉርሽካው እንጋግር። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጎመን ከገበታችን አይጥፉ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ድሮም የሚፈጨው ከነቅርፊቱ ነው።

ውሃ ጥም የበዛበት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያመላልሰው፣ ሳያውቀው የከሳ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። መድኃኒት የጀመረም ሰው በፉርሽካ ተማምኖ መድኃኒቱን አይተው።