ዶላሩን ካባዙ በኋላ

ጀማሪ ፕሮግራመሮች ምክር ሊጠይቁኝ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ሁለት የሥራ ጥሪ ይዘው ነው። አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ፣ በብር፤ ሌላው ቤት ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ፣ በዶላር። ዶላሩን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝተው ስለሚመጡ ከእኔ የሚፈልጉት ምርቃት ብቻ ነው።

አልፈርድባቸውም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ተመሳሳይ ኮድ ከሚጽፉ ሁለት ጓደኛሞች በዶላር የሚከፈለው አንዲት መስመር ሳይጨምር ገቢው በብር እጥፍ ገደማ ሆነ፤ የባንኩ ልጅ በዚያው ደመወዙ ቀረ።

እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ውሉን ነው። ብዙ ጊዜ «ኮንትራክተር» ይላል። ስለዚህ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ የለም፤ ለሴቶቹ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ የለም፤ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶም የለም። «ግብር ግን አይቆረጥብኝም» ይሉኛል። ግብሩማ አለ፤ የሌለው ቆርጦ የሚያስገባላችሁ ሰው ነው። ሰዓቱም ይታሰብ። በርሊን ከእኛ የምትለየው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ነው። ሳን ፍራንሲስኮዎች ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ግን እዚህ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናል፤ ስብሰባው እራት ላይ ነው።

የአሜሪካን ደመወዝ የሚጠቅሱልኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ የሶፍትዌር ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ክፍያ ወደ 133,000 ዶላር ነበር። ይህ እዚያ ለሚኖር ሰው ነው፤ ቦሌ ለተቀመጠ ልጅ ብዙዎቹ የሚከፍሉት የእኛን ኑሮ አስልተው ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን ኮዱን ማን እንደሚያነብለት ነው። ጀማሪ በርቀት ሲቀጠር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የተቆራረጠ ሥራ ነው፦ ይህን ቁልፍ አስተካክል፣ ያንን ገጽ ጨምር። ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ባንክ ውስጥ ግን ዝውውር መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ የአንዱ ሂሳብ ተቀንሶ የሌላው ሳይጨመር ሲቀር፣ ሲኒየሩ አጠገቡ አስቀምጦ ዳታቤዙ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ያሳየዋል። ከዓመታት በኋላ የውጭ ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ የሚፈትነውም ይህንኑ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ወዲህ ዲግሪ ለሌለው የአይቲ ባለሙያ በብሉ ካርድ በር ስትከፍት የጠየቀችው ቢያንስ የ3 ዓመት ልምድ ነው።

እርግጥ እዚህም ማንም የማንንም ኮድ የማያነብባቸው፣ በሁለት ዓመት «ሲኒየር» ብለው የሚሾሙ ቤቶች ሞልተዋል (ሹመቱ ከደመወዝ ጭማሪ ይረክሳል)። የቀረበለት እንዲህ ያለ ቤት ከሆነ፣ ጀማሪው ያለ ጸጸት ዶላሩን ይውሰድ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኮዴን ማን ያነበዋል? ስታሰናብቱኝስ ከስንት ቀን በፊት ትነግሩኛላችሁ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ አስጽፉት።