የአርሲ ደጋና የሥጋ ዶሮ መኖ፦ የፕሮቲንና የኃይል ምጣኔ

የሥጋ ዶሮ ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምሮ በ6 ሳምንት ገደማ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ እንድትመዝን በምርጫ የተዳቀለች ስትሆን፣ ዕድገቷን የሚወስነው የመኖው ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት የፕሮቲንና የኃይል ምጣኔ ነው። ፕሮቲን ጡንቻና ላባ የሚገነባበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ኃይል ደግሞ ሰውነትን ለማሞቅ፣ ለመንቀሳቀስና ያንኑ ፕሮቲን ወደ ሥጋ ለመለወጥ የሚያስፈልግ፣ በካሎሪ የሚለካ ማገዶ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው መመሪያ በአንድ ኪሎ ግራም መኖ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ኃይል እንዳለ ወስዶ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 23 በመቶ፣ እስከ 6ኛው ሳምንት 20 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 18 በመቶ ፕሮቲን ይመክራል። ዶሮ በአብዛኛው የምትበላው የኃይል ፍላጎቷ እስኪሟላ ድረስ በመሆኑ፣ ፕሮቲኑ ሳይጨመር ኃይሉ ብቻ ከፍ ቢል ትንሽ በልታ ትጠግባለች፤ ለሥጋ የሚሆነው ፕሮቲን ያንሳታል፣ የተረፈውም ኃይል በሆዷ ስብ ሆኖ ይከማቻል። በአንጻሩ ፕሮቲኑ ሲበዛ ሰውነቷ ትርፉን ዩሪክ አሲድ አድርጎ ከኩሷ ጋር ስለሚያስወግደው፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ቤቱ በአሞኒያ ሽታ ይታፈናል፣ ውዱ ግብዓትም ይባክናል።

በስንዴና በገብስ በሚታወቀው አርሲ ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው ፉርሽካ በቅርብ ቢገኝም፣ ኃይሉ ከበቆሎ ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ መኖው በእርሱ ከበዛ ጫጩቷ ሆዷን ሞልታም በቂ ኃይል አታገኝም። የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች አንዱ፣ ያንሰዋል፤ ባቄላ ደግሞ ላይሲን ሲኖረው ሜታዮኒን የተባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ይጎድለዋል። እንግዲህ እንጀራና ሽሮ በገበታ ላይ እንደሚሟሉ ሁሉ፣ እነዚህም ተመጣጥነው ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሌላው የፕሮቲን ምንጭ አኩሪ አተር ግን የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው አስቀድሞ በሙቀት መብሰል አለበት።

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሰላ ግን ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በፍጥነት የምታድግ ዶሮ ልብ ደምን ወደ ሳንባ ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ሲደክምም ፈሳሽ በሆዷ ይጠራቀምና ትሞታለች። ብርዱም የኦክስጅን ፍላጎቷን ስለሚያንረው አደጋውን ያባብሰዋል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብላ በምትገኘው በባቱ የሚስማማ ከፍተኛ ኃይል ያለው መኖ በአሰላ ያለ ገደብ ከተሰጠ ሊገድል ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ማሞቅ፣ አየሩ እንዲንሸራሸር ማድረግና በጫጩትነት ዕድሜ መኖውን በመጠኑ መወሰን ልብና ሳንባ ከሥጋው ጋር እኩል እንዲጠነክሩ ጊዜ ይሰጣል፤ ለደጋው አርቢ የሚበጀውም ዶሮዋ ልትሸከመው የምትችለው ዕድገት ነው።