በስልክ ገንዘብ መላክ ለምን ተሳካ?
እዚህ ኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ነው። የተሳካው በስልኩ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ በየሱቁ ወኪል አለ። ጥሬ ገንዘብ ስንሰጠው በስልካችን ይገባል፤ ስንፈልግ መልሰን እናወጣለን። ወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ካጣ ግን ያለን ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እምነት ነው። የደንበኞች ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ በባንክ በአደራ ይቀመጣል፤ ለላኪውም ለተቀባዩም ወዲያው መልእክት ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ተራ ስልክ ይበቃዋል።

እኛ ስደተኞች ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። መስመሩ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ፣ ሲም ካርዱ ሲጠፋ ገንዘባችንን ማስመለስ ይቸግረናል። ስለዚህ መታወቂያ ያለን በስማችን እናስመዝግብ፤ የምስጢር ቁጥራችንን ለወኪሉም ቢሆን አንንገር።